ቀምሼዋለሁ

ሰብለወርቅ ተንበርክካ ከሣሩ አንድ ቁንጥር ነቀለች። ሥሩን አራግፋ ምላሷ ላይ አደረገችው። ወዲያው ተፋችው።

«ጨው» አለች።

ሀዊ የትምህርት ቤት ቦርሳዋን እንዳነገተች ከኋላዋ ቆማ ታያለች። እናቷ ተነስታ ሌላ ቦታ ሄደች፤ ነቀለች፣ ቀመሰች፣ ተፋች። አጥሩ ሥር ያው ነው። በረንዳው ፊት ያው ነው። ሙሽሮቹ ይቀመጡበታል በተባለው የቦገንቪሊያ ጥላ ሥርም ያው ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ በአንድ እየገጣጠሙ የተከሉት አዲሱ ሣር፣ እሳት እንደላሰው ወረቀት ጫፍ ጫፉ ቡኒ ሆኗል። የሐሙሱ ሠርግ ደግሞ እዚሁ ሣር ላይ ነው።

«ነፋሱ ይሆናል እማ» አለች ሀዊ። «ትኩሱ ካምሲን ከጀመረ ሰነበተ እኮ።» ድምፅዋ ለራሷም የሌላ ሰው መሰላት።

«ነፋስ ቅጠል ያቃጥላል እንጂ ሥር ላይ ጨው አይነሰንስም።»

በማዳም ዙሌይካ ግቢ ሁለት ቧንቧ አለ። አንዱ ከጉድጓድ በፓምፕ የሚወጣ ጨዋማ ውሃ ነው፤ መኪናና በረንዳ ይታጠብበታል። ሌላው በቦቴ መጥቶ ከመሬት በታች ባለው ገንዳ የሚጠራቀመው ጣፋጭ ውሃ ነው። ጅቡቲ ውስጥ አትክልት አለማለሁ ያለ ሰው ከሁሉ በፊት የሚማረው እነዚህን ሁለቱን መለየት ነው። ሁለቱም ሲፈስሱ አንድ ናቸው፤ የሚያስታውቁት ምላስ ላይ ነው። ስለዚህ ሰብለወርቅ የአትክልት ሥራዋን ከጀመረችበት ቀን አንስቶ አንድ ሕግ አላት። ጎማ ያነሳ ሰው ውሃውን ሳይቀምስ ተክል ላይ አይለቅም። የቀመሰው ጮክ ብሎ «ቀምሼዋለሁ!» ይላል። ሌላው ያንን ቃል ሰምቶ ሥራውን ይቀጥላል፤ ደግሞ መቅመስ የሰውን ቃል አለማመን ነው።

«ባንቲሁን!»

«አቤት እትዬ ሰብሌ።» ባንቲሁን አካፋውን አጥሩ ላይ አስደግፎ መጣ። ረጅም ነው፤ ሲጨነቅ ግን አንገቱ ትከሻው ውስጥ ስለሚገባ ያጥራል።

«ዓርብ ዕለት ‹ለሠርጉ ይጥገብ› ብዬህ ውሃ ለቀህ ያሳደርከው አንተ ነህ?»

«ነኝ።»

«ቀምሰሃል?»

ባንቲሁን የእናቷን ትከሻ አልፎ ሀዊን አያት። ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ያህል ብቻ ነው። ከዚያ መሬት መሬት ማየት ጀመረ።

«አልቀመስኩም» አለ። «ቸኩዬ ነው። ይቅር በይኝ።»

ዋሸ። ለምን እንደዋሸ ከሀዊ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ከሀዊና፣ ከላይ ሰገነቱ ላይ ቆማ ፀጉሯን እየሠራች ወደ ታች ከምታየው ከፋኢዛ በቀር።

ፋኢዛ የማዳም ዙሌይካ ትንሿ ልጅ፣ የሙሽራዋ እህት ናት፤ ከሀዊ ጋር አንድ ክፍል ነው የሚማሩት። ዓርብ ዕለት ሀዊ እናቷን ልታግዝ መጥታ ሳለ፣ ሙቀቱ አናት የሚበሳ ነበርና ፋኢዛ ጎማውን ነቅላ ጉድጓዱ ቧንቧ ላይ ሰካችው። የዚያኛው ግፊት ይበረታል። እየተሯሯጡ ሲረጫጩ፣ ሲንሸራተቱ፣ በስልክ ሲቀራረጹ ሰዓቱ ሄደ። ሊመሽ ሲል ፋኢዛ «ጎማውን መልሼዋለሁ» አለቻት። ሀዊ ፀጉሯን እየጨመቀች ሳለ ባንቲሁን ከግቢው ማዶ «ሀዊዬ፣ ቀምሰሽዋል?» ብሎ ጮኸ።

«ቀምሼዋለሁ!» አለች።

አልቀመሰችም።

አሁን መናገር ነበረባት። አፏን ከፈተች፤ ነፋሱ አቧራ ሞላባት፤ መልሳ ዘጋችው።

*

ወደ አምቡሊ የሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ እናቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ታወራለች።

«ነገ ማዳም ከጉዞዋ ስትመለስ ታየዋለች። ለባሏ ትነግረዋለች። የንግድ ፈቃዱ ደግሞ በእሱ ስም ነው። ‹ስሜን አውጡ› ካለ አምቡሊ ያለውን ችግኝ ጣቢያችንን ያሽጉታል። ፈቃድ ከሌለ የመኖሪያ ወረቀት የለም። የመኖሪያ ወረቀት ከሌለ ደግሞ…»

«እማ፣ በቃ።»

«…ደግሞ በዚያ ሽቦ ባለው መኪና ጭነው ጋላፊ ድንበር ላይ ያራግፉናል። አንቺም ፈተናሽን ሳትፈተኚ።»

ሰብለወርቅ እንዲህ ናት። ከአንዲት የደረቀች ቅጠል ተነስታ ድንበር ድረስ ትሄዳለች። ሀዊ ስልክ ካላነሳች መኪና ገጭቷታል፤ በር ከተንኳኳ ፖሊስ ነው፤ ደንበኛ ፈገግ ካለላት ሊያባርራት ነው። ሰፈራቸው ካርቲየ 3 ውስጥ ሰው ይስቅባታል። ሀዊም ትስቅባት ነበር። አባቷ ጫላቸው ከዶራሌ ወደብ ዕቃ ጭኖ «ቅዳሜ አብረን እንበላለን» ብሎ ወጥቶ መንገድ ላይ ከቀረ ወዲህ ግን መሳቁን ተወችው።

ዛሬ የሆነባት ደግሞ ሌላ ነው። የእናቷ ፍርሃት እስከ ዛሬ ምክንያት አልነበረውም። ዛሬ ምክንያት አለው፤ ምክንያቱም ከጎኗ ተቀምጦ ቦርሳውን ታቅፏል።

«ባንቲሁን ይሂድ» አለች ሰብለወርቅ። «ማዳምን ‹ያጠፋውን ሠራተኛ አባርሬዋለሁ› ካልኳት ንዴቷ ይበርድ ይሆናል።»

«የት ይሄዳል?»

እናቷ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ውጭ የሚታይ ነገር አልነበረም፤ አቧራና የፍየል መንጋ ብቻ።

«እኔ ምን ላድርግ? ልጅ አለኝ» አለች።

*

ባንቲሁን ከማዳም ሰፈር ከኤሮን እስከ ችግኝ ጣቢያው በእግሩ ሲመጣ እናቷ መባረሩን ነገረችው። ሀዊ ከችግኞቹ ጀርባ ሆና የሰማችው የእሱን «እሺ እትዬ፣ እሺ» ብቻ ነው። አልተከራከረም። እናቷ ዕጣኑን የረሳ ቄስ ይመስል ወዲያ ወዲህ ስትል ቆይታ፣ ውሃ ልትቀዳ ወጣች። ባልዲውን ሳትይዝ ነው የወጣችው።

ሀዊ ባንቲሁን ወደሚያድርባት የቆርቆሮ ክፍል ሄደች። ልብሱን ማዳበሪያ ውስጥ እየከተተ ነው። ብዙ ልብስ የለውም።

«የት ነው የምትሄደው?»

«ነገ ከሰዓት የኦቦክ ጀልባ አለ አሉ።»

«ከኦቦክስ?»

መልሱን ሁለቱም ያውቁታል። ከኦቦክ ማዶ ያለው የመን ነው።

«ባንቴ፣ እዚያ ጦርነት ነው! ሰው ከዚያ እየሸሸ ወደዚህ እየመጣ አይደል እንዴ?»

«ለዚህ እኮ ነው» አለ፤ ሊስቅ ሞከረ። «ጀልባዎቹ የሸሸውን ሰው አራግፈው ባዷቸውን ነው የሚመለሱት። ቦታ አይጠፋም ይላሉ።»

«ለምን አልተናገርክም? እኔ ነኝ እኮ…»

«አንቺ ነሽ። አውቃለሁ።» የማዳበሪያውን አፍ በሲባጎ አሰረው። «ብናገር ምን ይሆናል? እናትሽ ‹ልጄ ናት ያጠፋችው› ብላ ማዳም ፊት ልትቆም ነው? ፈተናሽ ደርሷል። እኔ መንገደኛ ነኝ ሀዊዬ። መንገደኛ ላይ የወደቀ ነገር አብሮት ይሄዳል።»

ሀዊ ማልቀስ ፈልጋ አልመጣላትም። እሱ ግን ዞር ብሎ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጥቶ አያት።

«አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። ከሐርቡ እስከ ጅቡቲ ማንንም ሳላምን ነው የመጣሁት። ደላላውን አላመንኩም፤ አብሮኝ የሚሄደውን አላመንኩም፤ ውሃ የሰጠኝን ሰው እንኳ ቀድሞ ሳይጠጣ አልጠጣሁም። እዚህ ስደርስ ነው ‹ቀምሼዋለሁ› ሲሉኝ ማመን የለመድኩት።»

ቢሰድባት ይሻላት ነበር።

*

በማግስቱ በዕረፍት ሰዓት ፋኢዛን ከመማሪያ ክፍሉ ጀርባ፣ ጥላው ቀጭን ሆኖ የሚወርድበት ግድግዳ ሥር አገኘቻት።

«ጎማውን መልሼዋለሁ አልሽኝ እኮ!»

«እመልሰዋለሁ ብዬ አስቤ… ረሳሁት። ዋላሂ ረሳሁት።»

«ረሳሁት ሌላ ነው፤ መልሼዋለሁ ሌላ ነው።»

«አንቺስ?» አለች ፋኢዛ ወገቧን ይዛ። «ቀምሼዋለሁ ብለሽ የለም እንዴ? ምላስሽን ቤት ረስተሽው ነው?»

ፋኢዛ ያገኘችውን ዕድል አልለቀቀችም፤ ቀረብ ብላ ክንዷን ያዘቻት።

«ስሚኝ፤ ማማ ዛሬ ትመለሳለች። ሠራተኛው ነው ትሏታላችሁ፣ ትጮሃለች፣ ያልቃል። ከዚያ ሠርጉን እንጨፍራለን። በናትሽ አታካብጂ።»

«ሠራተኛው የት እየሄደ እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«የት?»

«የመን። ዛሬ።»

ፋኢዛ እጇን ለቀቀች። እነ ፋኢዛ ቤት ከየመኗ ከኤደን የሸሸች አክስት ካረፈች ጥቂት ጊዜ ሆኗታል። ፋኢዛ መጀመሪያ ሰሞን ስለ አክስቷ ስታወራ እየሳቀች ነበር፤ ካምሲን በሩን ጓ ባደረገው ቁጥር አልጋ ሥር ትገባለች እያለች። በኋላ መሳቋ ቀረ። የአክስቷ ሁለት ልጆች እስካሁን አልደወሉም።

«ወደዚያ?» አለች ፋኢዛ ቀስ ብላ። «ምን ሆኖ ነው? አብዷል?»

«የሚሄድበት ስለሌለው ነው።»

ፋኢዛ ከንፈሯን ነከሰች። ሀዊ አንድ ነገር ልትል ነው ብላ ጠበቀች።

«ሱሪያ እህቴ ዕድሜ ልኳን ‹ሠርጌን ያበላሸችው› ነው የምትለኝ» አለች በመጨረሻ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «አልችልም ሀዊ። እውነት አልችልም።»

ደወሉ ተደወለ። የሒሳብ መምህሩ ያን ቀን ሰሌዳው ላይ ምን እንደጻፈ ሀዊ አታስታውስም። መስኮቱን ነፋሱ ሲመታው እሷም እንደዚያች አክስት ደንገጥ ትል ነበር።

*

ከሰዓት በኋላ ሰብለወርቅ በትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠብቃ ወደ ማዳም ግቢ ወሰደቻት። የክት ቀሚሷን ለብሳለች፤ ለቅሶ የምትሄድበትን።

ሀዊ የእናቷ አፍ ናት። ሰብለወርቅ የገበያውን ሱማልኛ ታቀላጥፈዋለች፤ ፈረንሳይኛ ግን ከሰላምታ አያልፍላትም። ማዳም ዙሌይካ ደግሞ በቤቷ አረብኛ፣ ከሠራተኛ ጋር ፈረንሳይኛ ነው። ስለዚህ ሀዊ ከሕፃንነቷ ጀምሮ በሁለቱ መካከል ቆማ ትተረጉማለች። ማዳም «እናትሽ እንደ ኤሊ ናት» ስትል ሀዊ «ትንሽ ብትፈጥኑ ትላለች» ትላታለች። እናቷ «ይቺ ሴትዮ ደግሞ ምን ይበጃታል» ስትል «እናቴ እሺ ብላለች» ትላለች። ሁለቱ ሴቶች ተስማምተው የኖሩት ግማሹ በዚህ ነው።

ማዳም ዙሌይካ በረንዳው ላይ ቆማ ሣሩን ታያለች። ሻንጣዋ ገና ከደጅ አልገባም። ከኋላዋ፣ ደረጃው ላይ፣ ፋኢዛ ተቀምጣለች። በሩ ስንጥቅ ውስጥ ደግሞ ጥቁር የለበሰች ቀጭን ሴት ትታያለች፤ አክስቲቱ ናት።

ማዳም አልጮኸችም። ብትጮህ ይቀል ነበር። ወደ ሣሩ በጣቷ አሳየችና በፈረንሳይኛ ጠየቀች።

«ይህን ያደረገው ማነው?»

«ምን አለች?» አለች ሰብለወርቅ። እጆቿን አጣምራ ይዛቸዋለች።

«ማን አደረገው አለች።»

«ሠራተኛው ሳይቀምስ ጨዋማውን ውሃ ለቆበት ነው፤ አባርሬዋለሁ በያት። ሥሩ ገና አልሞተም፤ ውሃ ከሰጠችን ሌት ተቀን አጥቤ የቻልኩትን ያህል ለሐሙስ አደርሰዋለሁ፤ ያልዳነውን ነቅዬ ከችግኝ ጣቢያ አመጣለሁ በያት። እግዜር ያሳይሽ ስለ ፈቃዱ ምንም እንዳታነሺ። እሷ ካላነሳች አታንሺ።»

ሁሉም ሀዊን ያያሉ። ፋኢዛ ጭንቅላቷን በትንሹ ነቀነቀች፤ አደራሽን ማለቷ ነው። ቀላል ነበር። ዓረፍተ ነገሩ ተሠርቶ አልቋል፤ ወደ ፈረንሳይኛ ማዞር ብቻ ነው የቀረው። ሀዊ እንዲህ ያለ ነገር ሺህ ጊዜ ሠርታለች። ሣሩ ይታጠባል፣ ሠርጉ ይደረጋል፣ እናቷ ዛሬ ማታ እንቅልፍ ይወስዳታል።

ነፋሱ መጣና የበረንዳውን በር ጓ አደረገው። በስንጥቁ ውስጥ የቆመችው ሴት ድምፅ ሳታሰማ ቁጢጥ አለች፤ ጆሮዋን በሁለት እጇ ያዘች።

ሀዊ ዓይኗን ከእሷ ላይ መንቀል አልቻለችም። ከዚያ ወደ ማዳም ዞረች።

«እኔ ነኝ» አለች በፈረንሳይኛ። «ከውሃው ጋር የተጫወትኩት እኔ ነኝ። ሠራተኛው ቀምሰሽዋል ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ አዎ አልኩት። አልቀመስኩም ነበር። እሱ ያመነኝ እናቴ እንዲህ ስለምታሠራን ነው። እናቴም አታውቅም። አሁንም የምለውን አትሰማም።»

የፋኢዛን ስም አልጠራችም። ያን መናገር የፋኢዛ ነው።

ማዳም ቅንድቧን አንስታ ቆየች። ሣሩን አየች፤ ሀዊን አየች፤ ሰብለወርቅን አየች።

«ስለ ፈቃዱ ከባለቤቴ ጋር እነጋገራለሁ» አለች ቀዝቀዝ ብላ። «ለሠርጉ የተሞላውን ገንዳ ግን ተጠቀሙ። አሁኑኑ።»

«ማማ…» አለ ከደረጃው ላይ ቀጭን ድምፅ። ፋኢዛ ብድግ ብላለች፤ የደረጃውን ብረት ይዛ አንድ እርምጃ ወረደች። «ማማ፣ እኔም…»

ሰብለወርቅ ግን ይህን አላየችም። የምታየው የልጇን ፊት ብቻ ነው።

«ምን አልሻት? ሀዊ! ምን ብለሻት ነው እንዲህ ያየችኝ? ፈቃዱን አነሳችው አይደል? ምን አልሻት?»

ለማዳም መናገሩ ከባድ መስሏት ነበር። በራሷ ቋንቋ፣ የለቅሶ ቀሚሷን ለብሳ ለቆመችው ለእናቷ መናገሩ ግን ከሁሉ ባሰ።

«እማ» አለች። «ዓርብ ዕለት ቀምሼዋለሁ ብዬው ነበር። አልቀመስኩም። ባንቲሁን ስለ እኔ ነው የዋሸሽ፤ አሁን በኦቦክ ጀልባ ወደ የመን ሊሄድ ነው። ለማዳምም ይህንኑ ነው ያልኳት።»

ሰብለወርቅ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች። ሀዊ ጥፊውን ጠበቀች። እናቷ ከዚህ ተነስታ እስከ ጋላፊ የምትሄደውን መንገድ ሁሉ ጠበቀች። ፈቃዱን፣ ፖሊሱን፣ ሽቦ ያለውን መኪና።

እናቷ ግን አንድ ነገር ብቻ ነው የተናገረችው።

«ጀልባው መቼ ነው?»

መልስ አልጠበቀችም፤ ከደረቷ ውስጥ ስልኳን መዝዛ ሰጠቻት። ስልኩ ከእጇ ላብ የተነሳ ይንሸራተታል።

«ደውይለት። ራስሽ ንገሪው። እኔን ብዙ ጊዜ እሺ ብሎኛል፤ አሁን እኔ ብጠራው ለይሉኝታ የጠራሁት ይመስለዋል። አንቺ ንገሪው።»

ሀዊ ደወለች። ይጠራል። አይነሳም። እናቷ ከጎኗ ሆና «ተሳፍሯል፤ ይኸው ተሳፍሯል፤ መሃል ባሕር ላይ ነው» እያለች ታንሾካሹካለች። ሀዊ እንደገና ደወለች። ይጠራል፣ ይጠራል…

«ሀሎ?»

ከድምፁ ኋላ ነፋስ አለ፤ ሰው በሱማልኛና በአፋርኛ ይጯጯሃል፤ የጀልባ ሞተር ይንተከተካል። «ኦቦክ! ኦቦክ!» ይላል አንድ ሰው ተጣድፎ።

«ባንቴ፣ እኔ ነኝ። አልቀመስኩትም ብያቸዋለሁ። ለማዳምም፣ ለእማም።» ወደ ሣሩ ዞረች። «ፈቃዱን ይተዉልን አይተዉልን እንጃ። ምንም አላውቅም። ግን ሣሩን ማጠብ አለብን፤ ሥሩ አልሞተም። ና።»

ሞተሩ ብቻ። ሰውየው አሁንም ይጣራል። ሀዊ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ተጫነችው። እናቷ የልጇን ክንድ ጨምድዳ ይዛለች፤ አላመማትም።

«ባንቴ?»

ሞተሩ ድንገት ጮኸ። ከዚያ ድምፁ ቀስ በቀስ እየቀነሰ፣ እየራቀ፣ እየራቀ ሄደ። የባንቲሁን ትንፋሽ ግን ጆሮዋ ሥር እንዳለ ቀረ።

«ጎማውን እንዳትነኪው» አለ። «እስክደርስ ቆዪኝ። ሁለታችንም እንቀምሰዋለን።»